ከመድረኩ ሥር ምን አለ? ስላረጁ የመርከብ መቆሚያዎች የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሰብ ለኢትዮጵያ ዕቃ ከተዘጋበት ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የወጪና ገቢ ንግዳችን እጅግ ከፍተኛው ክፍል የሚያልፈው በጅቡቲ በኩል ነው። የዶራሌ መቆሚያዎች ገና ወጣት ናቸው፤ የኮንቴይነር ተርሚናሉ ሥራ የጀመረው በ2009፣ ሁለገቡ ወደብ ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳር ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት የተሻገሩ መድረኮች ዛሬም መርከብ ይቀበላሉ። የበርበራው ነባር መድረክ፣ ለምሳሌ፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሶቪየቶች የተሠራ ነው። በእነዚህ ወደቦችና በባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች የሚሠሩ የአገራችን ባለሙያዎች ከላኩልን ጥያቄዎች የሚከተሉትን መርጠናል። ጉዳት የተጠቀሰባቸውን ወደቦች ስም አልጻፍንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቀይ ባሕር ዳርቻ ባለ አንድ የንግድ ወደብ ጥገና ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። መድረካችን በብረት ፓይሎች (ወደ ባሕሩ ወለል በተተከሉ ምሶሶዎች) ላይ የቆመ ሲሆን ዕድሜው ከ35 ዓመት በላይ ነው። ባሕሩ በጣም በሚጎድልበት ሰዓት በፓይሎቹ ላይ ብርቱካንማ እብጠት ይታያል። አለቆቼ «ተራ ዝገት ነው፤ ቀለም ይቀባ» ይላሉ። እኔ ግን ልቤ አላመነም። ምን ላድርግ?
— መሐንዲስ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ

መልስ፦ አለማመንዎ ልክ ነው፤ የቀለሙ ሥራ ለጊዜው ይቁም። ተራ ዝገት ጠንከር ያለ፣ ቡናማና ብረቱ ላይ የተጣበቀ ነው። እርስዎ ያዩትን እብጠት በቢላዋ ይፋቁት። ለስላሳ ከሆነ፣ ከሥሩ ጥቁር ዝቃጭ ከወጣ፣ ከዝቃጩ ሥር ደግሞ የሚያብረቀርቅና የተቦረቦረ ብረት ካገኙ፣ የያዛችሁ ባክቴሪያ የሚያፋጥነው የዝቅተኛ ውኃ መስመር ዝገት ነው። ጥቁሩ ዝቃጭ ላይ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጥቂት ጠብታ ሲያርፍበት የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከሰጠ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ሽታው የሚመጣው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ከተባለ መርዛማ ጋዝ ስለሆነ ሙከራው አየር በሚንቀሳቀስበት ቦታ፣ በጓንትና በመነጽር፣ በጣም በትንሽ ናሙና ይደረግ። አፍንጫ አይጠጋ።

ችግሩ የሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ከታች፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ሽፋን ሥር ያሉት በባሕር ውኃ ውስጥ ያለውን ሰልፌት ወደ ሰልፋይድ ይለውጣሉ። ከላያቸው ኦክስጅን የሚያገኙት ደግሞ ሰልፋይዱን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ብረቱን እዚያው ቦታ ላይ ይበላዋል። ሁልጊዜ ከባሕር ውኃ ሥር ያለ ብረት በተለመደው ሁኔታ በአማካይ በዓመት 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያጣ፣ በዚህ ዝገት ግን 0.5 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዴም 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፓይል ከጀመረው ቀን አንሥቶ ከ12 እስከ 24 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊበሳ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ውኃው በጣም ሲጎድል ብቻ ብቅ በሚል ጠባብ ቀበቶ ላይ በመሆኑ፣ ከመድረኩ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ለዓመታት ላያየው ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ልኬት ነው። የባሕር ሙላትና ጉድለት ሠንጠረዥ ይዘው በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ አካባቢ የሚመጡትን ዝቅተኛ ውኃዎች ይምረጡ። በጀልባ ከመድረኩ ሥር ገብተው ሁሉንም ፓይል በተራ ቁጥር ይመዝግቡ፤ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሡ። ከዚያ ጠላቂ ያስገቡ። ጠላቂ ከመግባቱ በፊት በአካባቢው ያሉ መርከቦች ፕሮፔለርና የጎን መግፊያ ሞተር መቆሙ በጽሑፍ ፈቃድ ይረጋገጥ፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የዝገት መከላከያ ካለም ይጥፋ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ጠላቂው በተመረጡ ፓይሎች ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸውን ቀበቶዎች ከዛጎልና ከአረም አጽድቶ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ መለኪያ ይለካል፦ አንዱ ሞገድ በሚረጨው ክፍል፣ አንዱ በዝቅተኛው ውኃ መስመር፣ አንዱ በመካከል፣ አንዱ ከባሕሩ ወለል አጠገብ፤ በእያንዳንዱ ቀበቶ ላይ በአራት አቅጣጫ። መለኪያው ውፍረቱ በሚታወቅ ብረት ላይ በየፈረቃው ይረጋገጥ። የመለኪያው ጫፍ በጉድጓድ ውስጥ በደንብ ስለማይቀመጥ፣ የጉድጓዱ ጥልቀት ለብቻው በጥልቀት መለኪያ ተወስዶ ከዙሪያው ውፍረት ይቀነስ። አማካዩ ብቻ ሳይሆን ትንሹም ቁጥር ይጻፍ። የተሠራበት ሥዕል ከጠፋ፣ የመነሻውን ውፍረት ለመገመት ከባሕሩ ወለል ትንሽ ቆፍሮ የተቀበረውን ክፍል መለካት ይቻላል፤ እዚያ ዝገቱ እጅግ ቀርፋፋ ነው።

ጥገናው በቁጥሩ ይወሰናል። የቀረው ውፍረት ጭነቱን እንደሚችል በስሌት ከተረጋገጠ ማጽዳትና በአኖድ (በፓይሉ ፋንታ ራሱ እየተበላ ፓይሉን በሚያድን ሌላ ብረት) መጠበቅ ይበቃል። ነገር ግን ለተለመደው የባሕር ውኃ የሚበቃው የብረቱ ቮልቴጅ፣ 800 ሚሊ ቮልት ኔጌቲቭ፣ ለዚህ ዝገት አይበቃም፤ በብርና በብር ክሎራይድ ማመሳከሪያ (ቮልቴጁ በሚነጻጸርበት ኤሌክትሮድ) ሲለካ 900 ሚሊ ቮልት ኔጌቲቭ መድረስ አለበት። ብረቱ ከሳሳ ላሜራ ይበየዳል፤ ላሜራው የሚያርፍበት ነባር ብረት ብየዳ የሚችል ውፍረት እንዳለው አስቀድሞ ይለካ። ውኃ ውስጥ በቀጥታ ከመበየድ ይልቅ በፓይሉ ዙሪያ የሚገጠም ሣጥን አስገብቶ፣ ውኃውን አውጥቶ በደረቅ መበየድ እጅግ የተሻለ ነው።

ሌላው አማራጭ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ጃኬት ነው። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፦ ለሥራ ስለሚመች ጃኬቱን ልክ በዝቅተኛው ውኃ መስመር ላይ ማቆም። ይህ ሲሆን ከጃኬቱ ጫፍ ሥር ያለው ራቁት ብረት ቀጣዩ የሚበላ ቦታ ይሆናል። ጃኬቱ ከዝቅተኛው መስመር ቢያንስ 1 ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ በታች ያለውን አኖድ ይጠብቀው።

አለቆችዎ የአውሮፓውን የፓይል ደረጃ ከጠቀሱ አንድ ነገር ይንገሯቸው። ሠንጠረዡ በባሕር ውኃ ውስጥ በ50 ዓመት 3.75 ሚሊ ሜትር በሞገድና በዝቅተኛ ውኃ ቀበቶ፣ 1.75 ሚሊ ሜትር ደግሞ ዘወትር በውኃ በተሸፈነው ክፍል ይጠፋል ይላል። የተዘጋጀው ግን ለመካከለኛ የአየር ንብረት ነው። በሞቃታማውና ጨዋማው ቀይ ባሕር ውስጥ እንዳለ መውሰድ አይገባም።

ጥያቄ፦ ውድ ዝግጅት ክፍል፣ የኮንክሪት ሶሌታችንን የታችኛውን ገጽ ከ3 ዓመት በፊት አስጠገንን። የተነሣው ተነሥቶ፣ ፌሮው በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ፣ በጥሩ ሞርታር ተለጠፈ። አሁን ልጥፉ ደህና ነው፤ ግን ልክ ከልጥፉ ጠርዝ አጠገብ ያለው አሮጌው ኮንክሪት እየተሰነጠቀ ይወድቃል። ተቋራጩ «የእኔ ሥራ አልተበላሸም» ይላል። ጥፋቱ የማን ነው?
— የፕሮጀክት ተቆጣጣሪ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች

መልስ፦ እኅታችን፣ ተቋራጩ የሠራው ልጥፍ እንዳልተበላሸ እውነት ነው፤ አጠገቡን ያስበላው ግን ራሱ ልጥፉ ነው። ከጥገናው በፊት በጣም የዛገው ፌሮ ኤሌክትሮን እየለቀቀ በዙሪያው ያለውን ፌሮ ሳያውቀው ይጠብቀው ነበር። ያ ቦታ ንጹሕ ሞርታር ሲያገኝ ዝገቱ ቆመ፤ ጥበቃውም አብሮ ቆመ። ጨው በጠገበ አሮጌ ኮንክሪት ውስጥ የቀረው ጎረቤት ፌሮ በተራው መዛግ ጀመረ። ዝገት ከመነሻው ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ያፈነዳዋል። ብዙ ወደቦች በየሦስትና አራት ዓመቱ ልጥፍ በልጥፍ ላይ እየጨመሩ ገንዘብ የሚያፈሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከመዶሻው በፊት ካርታ ይሠራ። የሶሌታውን ሥር በ50 ሴንቲ ሜትር መረብ ይከፋፍሉት። በመዶሻ እየመቱ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን በኖራ ያስምሩ። በፌሮ መፈለጊያ መሣሪያ የሽፋን ኮንክሪቱን ውፍረት ይለኩ፤ በባሕር ላይ ከ50 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ሊኖር ሲገባው በአሮጌ መድረኮች 25 ማግኘት የተለመደ ነው። ከዚያ የጨው መጠን፦ በ20 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ በየ15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ዱቄት እየሰበሰቡ ለላብራቶሪ ይስጡ። ዱቄቱ ከአንዱ ጥልቀት ወደ ሌላው እንዳይቀላቀል ቀዳዳው በአየር ይነፋ። በፌሮው ጥልቀት ላይ ያለው ክሎራይድ ከሲሚንቶው ክብደት 0.4 በመቶ ገደማ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል ተብሎ ይወሰዳል።

የቮልቴጅ ካርታም ይጨመር። በመዳብ ሰልፌት ማመሳከሪያ ሲለካ ከ350 ሚሊ ቮልት ይበልጥ ኔጌቲቭ የሆነ ቦታ ከ90 በመቶ በላይ ዕድል ዝገት አለበት፤ ከ200 ያነሰ ኔጌቲቭ የሆነው ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ ዕድል የለበትም። ጥንቃቄ የሚሻው ውኃ የጠገበው የቢሙ ታችኛ ክፍል ነው፤ እዚያ ኦክስጅን ስለሌለ ብቻ ቁጥሩ እጅግ ኔጌቲቭ ሆኖ ፌሮው ግን ደህና ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ከመዶሻው ድምፅና ከጨው ልኬቱ ጋር ሳያመሳክሩ አይፍረዱ።

ልጥፍ የሚገባበት ቦታ ላይ እንዲህ ይሠራ። ጠርዙ በመጋዝ 10 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ እየሳሳ የሚያልቅ ጠርዝ ከተተወ መጀመሪያ የሚለቀው እሱ ነው። ኮንክሪቱ ከፌሮው ጀርባ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር ይነሣ፤ ፊቱ ብቻ የጸዳ ፌሮ ጀርባው ጨው ውስጥ ነው። የሽቦ ብሩሽ ከጉድጓዶቹ ውስጥ ጨው አያወጣም፤ ፌሮው በአሸዋ ወይም በከፍተኛ ግፊት ውኃ እስኪያበራ ይጽዳ፣ ከዚያ ሞርታር ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። ምክንያቱም ጠዋት የጸዳውን ከሰዓት በኋላ የባሕር ነፋስ እንደገና ጨው ያለብሰዋል። የፌሮው መቀነስ በዓይን አይገመት። 20 ሚሊ ሜትር የነበረ ፌሮ 17 ሆኖ ከተገኘ ያጣው 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል፤ የመሸከሚያ ስፋቱ ግን 28 በመቶ ቀንሷል፤ ተጨማሪ ፌሮ ያስፈልገዋል።

በልጥፉ ዙሪያ ያለውን አሮጌ ኮንክሪት የሚጠብቁ ትንንሽ የዚንክ አኖዶች በጠርዙ በኩል ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር እየተራራቁ ከፌሮው ጋር ይታሰሩ፤ ግንኙነቱ በመለኪያ ይረጋገጥ። አኖድ ካለ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ኤፖክሲ ሞርታር አይጠቀሙ፤ አኖዱን ያፍነዋል። አሮጌው ኮንክሪት ውኃ ጠጥቶ ገጹ ግን ደረቅ ይሁን። ሰፊ ቦታ በእጅ ከሚለጠፍ በሚረጭ ኮንክሪት ይሠራ። በቀይ ባሕር ሙቀትና ነፋስ ሥራው በሌሊት ወይም በማለዳ ይሁን፤ ርጥብ ጆንያ ለ7 ቀን አይነሣ። በላይ ከባድ መኪና እየሄደ ሞርታር አይለጠፍም፤ ገና ያልጠነከረው በንዝረት ይላቀቃል። ኮንክሪት ሲነሣ ሶሌታው ስለሚዳከም ድጋፍ ይቁምለት፤ ድጋፍ ሳይኖር የተለጠፈው ሞርታር የሶሌታውን የራሱን ክብደት አይሸከምም።

ካርታዎ ጨው የመድረኩን አብዛኛውን ክፍል መያዙን ካሳየ ግን ልጥፍን እርሱት። ያኔ የሚያዋጣው በመላው ሶሌታ ላይ ቲታኒየም አኖድ ዘርግቶ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ መስጠት ነው። የሚፈልገው በፌሮው ገጽ በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። መሥራቱ የሚታወቀው ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ ቮልቴጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 100 ሚሊ ቮልት ከወረደ ነው። መነሻ ወጪው ከባድ ነው፤ ጨዋማውን ኮንክሪት ሁሉ አፍርሶ ከማውጣት ግን ይቀላል። ይሁንና በየወሩ የሚያነብበትና ሽቦ ሲበጠስ የሚጠግነው ሰው ከሌለ አይግዙት።

ጥያቄ፦ ለአንድ ፓይል ስንት ኪሎ አኖድ ያስፈልጋል? ሻጮች የሚነግሩን ቁጥር አንዱ ከሌላው በእጥፍ ይለያል።
— የግዥ ባለሙያ

መልስ፦ ራስዎ ያስሉት፤ ከባድ አይደለም። ዲያሜትሩ 61 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 12 ሜትሩ በውኃ ውስጥ፣ 15 ሜትሩ በወለሉ ውስጥ የተቀበረ ራቁት የብረት ፓይል እንውሰድ። በውኃ ያለው ገጽ 23 ካሬ ሜትር ነው። ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለሞቀ ባሕር በአማካይ በካሬ ሜትር 70 ሚሊ አምፔር ሲሰላ 1.61 አምፔር ይሆናል። የተቀበረው 28.7 ካሬ ሜትር በ20 ሚሊ አምፔር 0.57 አምፔር። ድምሩ 2.18 አምፔር። በ20 ዓመት ውስጥ 175,200 ሰዓት ስላለ ወደ 382,000 አምፔር ሰዓት ይፈለጋል። የአሉሚኒየም አኖድ በኪሎ 2,000 አምፔር ሰዓት ይሰጣል፤ 80 በመቶው ብቻ ይጠቅማል ብለን ስንይዝ ወደ 240 ኪሎ ንጹሕ አኖድ እናገኛለን። በሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ክብደት የውስጥ ብረቱን የሚጨምር መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፤ የእጥፍ ልዩነቱ አንዳንዴ ከዚህና ከተወሰደው የዓመት ብዛት ይመጣል። ይህ የአማካይ ስሌት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ፓይሉ በካሬ ሜትር እስከ 150 ሚሊ አምፔር ስለሚጠይቅ የአኖዱ ቅርጽና ብዛት ያንን መስጠት መቻሉ ለብቻው ይታይ።

ከተገጠመ በኋላ የሚያበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። በቡሎን ብቻ የታሰረ አኖድ ዳዶው ሲዝግ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ይበየድ። አኖድ ላይ ቀለም የቀባ ሠራተኛ አኖዱን ገድሎታል። ጭቃ ውስጥ የተቀበረው ይሰንፋል። ፓይሎቹ እርስ በርስ በኤሌክትሪክ ካልተገናኙ አኖድ የሌለበት ፓይል ምንም ጥበቃ አያገኝም፤ ስለዚህ በየፓይሉ ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ በየ1 ሜትር እያወረዱ ይለኩ፤ ከሌሎቹ የተለየ ቁጥር የሰጠው ፓይል ግንኙነቱ የተቋረጠ ነው። ከ1,100 ሚሊ ቮልት በላይ ኔጌቲቭ ማድረግም አይጠቅምም። አኖድ ሞገድ የሚረጨውን ክፍል ፈጽሞ አይጠብቅም፤ ዘወትር ውኃ ስለማይነካው። ለዚያ ክፍል በቫዝሊን መሰል ቅባት የተነከረ ጥቅል ጨርቅና ከላዩ ጠንካራ የፕላስቲክ ጃኬት፣ ወይም ጥሩ ኤፖክሲ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከመድረኩ ጠርዝ 4 ሜትር ገባ ብሎ አስፋልቱ ሰመጠ። ጠጠር ሞልተን አስፋልት አደረግንበት። በሁለት ወሩ እንደገና ሰመጠ። ግድግዳችን የሺት ፓይል (እርስ በርስ የተቆላለፉ የብረት ሰሌዳዎች) ነው።
— ፎርማን፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሞላችሁት ጠጠር አሁን ባሕር ውስጥ ነው። ከሥር አፈሩ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ፤ ያ ሳይገኝ የሚሞላ ነገር ሁሉ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ዛሬውኑ አካባቢውን አጥራችሁ ፎርክሊፍትና የጭነት መኪና አርቁ። አስፋልቱ ሥር ያለው ባዶ ቦታ ከሚታየው ስምጠት እጅግ ሊሰፋ ይችላል።

ፍለጋው በጉድለት ሰዓት ይሁን። ባሕሩ ሲወርድ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ውኃ ዘግይቶ ስለሚወርድ አፈር ይዞ ይወጣል፤ በግድግዳው ፊት የደፈረሰ ውኃ የሚታይበትን ቦታ ከጀልባ ፈልጉ። ካልታየ በስምጠቱ ውስጥ አረንጓዴ የፍሎረሲን ቀለም ከውኃ ጋር አፍስሳችሁ የት እንደሚወጣ ጠላቂ ይከታተል። ሊሆኑ የሚችሉት፦ በዝገት የተበሳ ፓይል፣ የተላቀቀ የፓይል መጋጠሚያ፣ የተሰበረ የዝናብ ውኃ ቱቦ፣ ወይም በፕሮፔለር ግፊት ወለሉ ተቦርቡሮ ከፓይሉ ጫፍ ሥር የተከፈተ መንገድ። የመጨረሻው ከሁሉ አደገኛ ነው፤ የግድግዳውን እግር የያዘው አፈር ስለሄደ ግድግዳው ራሱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ በግድግዳው ግርጌ የጥልቀት ልኬት አድርጋችሁ ከዲዛይኑ ወለል ጋር አስተያዩ። ወለሉ ወርዶ ከሆነ በተመረጠ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ምንጣፍ ይሸፈን፤ ከመሸፈኑ በፊት ግን መሐንዲስ የግድግዳውን መረጋጋት ያስላ።

ቀዳዳው በላሜራ ከተዘጋ በኋላ ከጀርባው እየተቆፈረ ማጣሪያ ጨርቅና ደረጃውን የጠበቀ የድንጋይ ማጣሪያ ይግባ፤ ክፍት ቦታው በቀላል ፈሳሽ ግራውት (የሲሚንቶ ድብልቅ) ይሞላ። አደራ፣ የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን አብራችሁ እንዳትደፍኑ። ከጀርባና ከፊት ያለው የውኃ ከፍታ በ1 ሜትር ሲለያይ በግድግዳው ላይ በካሬ ሜትር 1 ቶን ተጨማሪ ግፊት ይመጣል፤ ግድግዳውን ከጀርባ ስቦ የያዘው ያረጀ የማሰሪያ ዘንግ ይህን ላይችል ይችላል። ለቁፋሮው በገባችሁበት አጋጣሚ የማሰሪያ ዘንጎቹን ከግድግዳው ጀርባ ባለው የመጀመሪያ 1 ወይም 2 ሜትር ላይ ገልጣችሁ እዩ፤ ውኃ የሚመላለስበት ስለሆነ ዝገት የሚጠናበት እዚያ ነው። አፈሩ ሲሰምጥ ዘንጉን ወደ ታች ስለሚያጎብጠውም ዳዶው ሥር ስንጥቅ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ ወደባችን ከተሠራበት ጊዜ የበለጡ መርከቦች መቀበል ጀምሯል። ፌንደሮቹን (መርከብ ሲጠጋ ግጭቱን የሚያለዝቡትን የጎማ ትራሶች) በትላልቅ መተካት ብቻ አይበቃም?
— የወደብ ሥራ አስኪያጅ

መልስ፦ አይበቃም። የመርከብ ግጭት ጉልበት በክብደቱ ልክ፣ በፍጥነቱ ደግሞ በካሬ ይጨምራል። 30,000 ቶን የሚመዝን መርከብ በሰከንድ 10 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ የሚያመጣው ጉልበት፣ ማስተካከያዎቹ ሳይታሰቡ፣ 150 ኪሎ ጁል ነው። ፍጥነቱ 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 337 ይደርሳል። ስለዚህ ያረጀ መድረክ ላይ በርካሹ የሚገኝ ጥገና የመቅረቢያ ፍጥነትን መገደብና ጎታች ጀልባ ማስገደድ ነው፤ ፍጥነቱን የሚያሳይ የሌዘር መለኪያ ቢተከል ደግሞ መርከቡን ወደ መቆሚያው የሚመራው አብራሪም ያየዋል።

ትልቅ ፌንደር ትልቅ ጉልበት ይውጣል፤ ግን መልሶ ወደ መድረኩ የሚያስተላልፈው ግፊትም ሊበልጥ ይችላል። የሳሱ ፓይሎች ያንን ግፊት መቻላቸው ሳይሰላ አይገጠም። ነባሮቹን ሲመረምሩ የጎማውን ስንጥቅ ጥልቀት፣ የሰንሰለቱን መሳሳት፣ የፊት ፕላስቲኩ አልቆ የቡሎኑ ራስ መቅረቡን ይመልከቱ። ራሱ የወጣ ቡሎን የመርከብ አካል ይቀዳል፤ ካሣው ከፌንደሩ ዋጋ ይበልጣል።

ቦላርድ (የመርከብ ገመድ የሚታሰርበት አጭር ምሶሶ) ላይ ዋናው ጉዳይ ከውጭ የሚታየው ብረት ሳይሆን ወደ ኮንክሪቱ የገቡት ቡሎኖች ናቸው። የቡሎን ጉድጓዱ መሙያ ተነሥቶ ዳዶው ይታይ፤ ውኃ የሚጠራቀምበት ስለሆነ ከላይ ቀለም የተቀባው ቦላርድ ሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል። በቦላርዱ ዙሪያ ያለው ኮንክሪት ላይ የሚዘረጋ ስንጥቅም ምልክት ነው። የተፈቀደው ጭነት በቶን በጉልህ ይጻፍበት፤ ጥርጣሬ ካለ በሃይድሮሊክ ጃክ ተስቦ ይሞከር፤ እስኪሞከር ድረስ ገመድ አይታሰርበት።

ጥያቄ፦ ከመድረኩ ላይ «ሁለት ኮንቴይነር መደራረብ ተከልክሏል» ተብሎ ዕቃችን ዘገየ። መድረኩ እኮ ዓይን እያየ ደህና ነው።
— ዕቃ አስተላላፊ፣ ከሞጆ

መልስ፦ ሙሉ ጭነት ያለው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር እስከ 30 ቶን ይመዝናል፤ የሚያርፍበት ወለል 15 ካሬ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ በካሬ ሜትር 2 ቶን ገደማ ነው፤ ሲደረብ 4። ያውም ክብደቱ በአራት ማእዘን ላይ ስለሚያርፍ በአንዱ ማእዘን ከ7 ቶን በላይ ይወርዳል። የሳሱ ፓይሎች ወይም ፌሮው የተበላ ሶሌታ ያለው መድረክ የሚፈቀደው ጭነት በስሌት ተቀንሶ ይሆናል፤ የሚታየው አስፋልት ስለዚህ ምንም አይናገርም። እንዲህ ያለ ገደብ ሲወጣ የሚጠቅማችሁ ከባዱን ኮንቴይነር ከመርከብ በቀጥታ በመኪና የሚጭን ተራ አስቀድሞ መያዝ ነው። ጭነቱን ዝቅ አድርጎ የማሳወቅ ልማድ ግን ይቅር፤ ከሥሩ ሰው አለ።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ ላሉት የጀልባ ማቆሚያዎችስ ይህ ሁሉ ይሠራል? የብረትና የእንጨት እግሮች አሏቸው።
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ከፊሉ ብቻ። ጣና ጨው አልባ ስለሆነ የብረት ዝገቱ ቀርፋፋ ነው፤ የአውሮፓው ደረጃ ለጨው አልባ ውኃ በ50 ዓመት በውኃ መስመሩ ላይ የሚይዘው 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለባሕር ከሚይዘው ሩብ ያህል። የአሉሚኒየም አኖድ አይግዙ፤ ጨው በሌለበት ውኃ በወጉ አይሠራም። ካስፈለገ ማግኒዚየም ነው። የሐይቁ ከፍታ ከክረምት ወደ በጋ ስለሚወርድ ጥበቃው ሊያተኩር የሚገባው በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ባለው ቀበቶ ላይ ነው፤ የብረቱም ቀለም የሚረግፈው፣ እንጨቱም የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ዘወትር ውኃ ውስጥ ያለ እንጨት ረጅም ዕድሜ አለው፤ የሚርስና የሚደርቀው ግን ይፈርሳል።

ምርመራው ውኃው እጅግ በሚወርድበት ከግንቦት እስከ ሰኔ መጀመሪያ ይሁን። እንጨቱን በቀጭን ወስፌ ወጋ ያድርጉት፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ያለ ተቃውሞ ከገባ በመሰርሰሪያ በስተው የውስጡን ይዩ፤ የበሰበሰው የሚወጣው ጠቆር ያለና ርጥብ ዱቄት ሆኖ ነው። ቀዳዳውን በዚያው ቀን በተነከረ የእንጨት ሽብልቅ ይድፈኑት።